የተረሳው የፊት ፍሬን

ሁለት ሞተረኞች አንድ የቡና ገበታ ላይ ከተቀመጡ ወሬው ወዴት እንደሚያመራ ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ካምፓላ ካባላጋላም ይሁን ናይሮቢ ኢስሊ፣ የመጀመሪያው ስኒ ሳይነሣ ቦክሰርና ቲቪኤስ ይሰለፋሉ። አንዱ የቦክሰርን ጉልበት፣ ተሳፋሪና ኩንታል ጭኖ ዳገቱን ያለ ማንገራገር መውጣቱን ያወሳል፤ ሌላው የቲቪኤስን ነዳጅ ቆጣቢነትና የሞላውን ልስላሴ ይጠቅሳል፤ ሦስተኛው፣ አብዛኛውን ጊዜ በዕድሜ ጠና ያለው፣ «ሞተርስ የድሮ ሆንዳ ነበር» ብሎ ሁለቱንም በአንድ ቃል ያሰናብታቸዋል። ከዚያ ክርክሩ ወደ ሲሲ ይዞራል። 100 ይበቃል ወይስ 125? ወይስ ከ150 በታች ያለው ሁሉ ሞተር አይባልም? ቡናው ሦስተኛው ላይ ደርሶ በረካው ሲቀዳም ሙግቱ አላበቃም።

ክርክሩ በራሱ የሚናቅ አይደለም። ሞተር ብስክሌት የምሕንድስና ብልሃት ከጥቂት ብረት ብዙ አገልግሎት ያወጣበት ዕቃ ነው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1958 ለገበያ ያቀረበው ሱፐር ከብ በ2017 የምርት ቁጥሩ 100 ሚሊዮን የደረሰው በማስታወቂያ ብዛት ብቻ አልነበረም። ስለዚህ ዓይነቱ ዕቃ አድምተው የሚነጋገሩ ሰዎች መኖራቸው ደስ ያሰኛል። የሚያሳዝነው ግን ያ ሁሉ ሙግት ስለ መሄድ ብቻ መሆኑ ነው። ስለ መቆም ሲነሣ በሌላው ሁሉ የማይግባቡት ወገኖች በአንድ ድምፅ ይስማማሉ፤ የሚስማሙትም በስሕተት ላይ ነው፦ «የፊት ፍሬን አትንካ፤ ይገለብጥሃል።»

ይህን ምክር ያልሰማ ጀማሪ ነጂ በምሥራቅ አፍሪቃ ከተሞች ማግኘት ያዳግታል። ምክሩ ከየት እንደ መጣ መመርመር ተገቢ ነው፤ ከባዶ ሜዳ አልበቀለምና። ቦዳ ቦዳ የተባለው ሥራ መነሻው ብስክሌት ነበር። በኬንያና በኡጋንዳ ድንበር፣ ቡሲያ ላይ፣ መንገደኛውን ከአንዱ ኬላ ወደ ሌላው የሚያመላልሱ ብስክሌተኞች «ቦርደር፣ ቦርደር» እያሉ ከሚጣሩት ጥሪ ስሙ እንደ ወጣ ይነገራል። ብስክሌት ደግሞ ቀላል ነው፤ በላዩ የተቀመጠው ሰው ከብረቱ ብዙ እጅ ይከብዳል፤ ቁልቁለት ላይ የፊት ፍሬኑን ድንገት የጨበጠ ሰው በእርግጥም በመሪው ላይ ሊወረወር ይችላል። ምናልባት ምክሩ ከብስክሌቱ ወደ ሞተሩ ሳይመረመር ተላልፎ ይሆናል። ኬንያ በ2008 ከ250 ሲሲ በታች ለሆኑ ሞተሮች ተጨማሪ እሴት ታክስን ካነሣች በኋላ ሞተሩ በየመንደሩ ሲገባ፣ ብዙው ወጣት መንዳትን የተማረው ከጓደኛው፣ በአንድ ከሰዓት፣ በአንድ የኳስ ሜዳ ላይ ነው። ማርሽና ፍሪሲዮን ካወቀ ነጂ ተባለ። ስለ ፍሬን የተሰጠው ትምህርት ከላይ የተጠቀሰችው አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች።

ሁለተኛው ምንጭ መንገዱ ነው። በቀዩ ኮረኮንች ላይ፣ በተለይም ዝናብ ከጣለ በኋላ፣ የፊት ፍሬኑን በድንጋጤ የጨበጠ ሰው ጎማው ተቆልፎ ከሥሩ ሲያመልጠው ዓይኑን እስኪጨፍን ጊዜ አያገኝም። እንዲህ የወደቀ ሰው ምክሩን ባፉ ሳይሆን በጉልበቱ ጠባሳ ይመሰክርለታል። የተማረው ትምህርት ግን የተሳሳተ ነው። የጣለው በድንገት መጨበጡ ነው፤ እሱ ግን ጥፋቱን በፍሬኑ ላይ አላከከ።

አስፋልት ላይ እውነቱ የተገላቢጦሽ ነው። አውቶቡስ ፍሬን ሲይዝ ቆሞ የሚጓዝ ሰው ወደ ፊት እንደሚንደረደር ሁሉ፣ ፍሬን የተያዘበት ሞተርም ክብደቱን በፊት ጎማው ላይ ይጥላል። የፊት ሞላው ዝቅ የሚለው ስለዚሁ ነው። በዚያች ቅጽበት የፊቱ ጎማ መንገዱን አጥብቆ ሲነክስ የኋላው ይቀላል፤ የቀለለ ጎማ ደግሞ ጥቂት ሲይዙት ይቆለፍና እንደ ዓሣ ጅራት ይወዛወዛል። ነጂው ብቻውን ሲሆን፣ በደረቅ አስፋልት ላይ በብርቱ ሲቆም፣ ከማቆሚያው ኃይል ከሁለት ሦስተኛ የሚበልጠው የሚገኘው ከፊት ነው። የኋላውን ብቻ የሚረግጥ ሰው እንግዲህ ከሁለት ክንዱ ደካማውን መርጦ የሚታገል ሰው ነው።

ሒሳቡን ማንም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ሊሠራው ይችላል። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር በሴኮንድ 16.7 ሜትር ይጓዛል። በኋላ ፍሬን ብቻ በሴኮንድ 3.5 ሜትር በሴኮንድ ፍጥነቱን መቀነስ ቢችል፣ ፍሬኑ ከያዘበት ነጥብ እስኪቆም 40 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ሁለቱንም ፍሬን በአግባቡ ይዞ ቅነሳውን ወደ 6 ቢያደርሰው 23 ሜትር ይበቃዋል። ልዩነቱ 17 ሜትር ነው ብሎ ማለፍ ይቀላል፤ ነገሩ የሚገባው ግን በሌላ በኩል ሲታይ ነው። ሁለተኛው ሞተር በቆመበት ቦታ ላይ የመጀመሪያው ገና በሰዓት 39 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄደ ነው። ከማታቱ ጀርባ ጋር፣ ወይም ምርቷን ተሸክማ ከምታቋርጥ ሴት ጋር የሚገናኘው በዚያ ፍጥነት ነው።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በአሜሪካ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪው ሃሪ ኸርት ከባልደረቦቹ ጋር በሎስ አንጀለስ ዙሪያ የደረሱ 900 የሞተር አደጋዎችን በየቦታው ተገኝቶ መርምሮ እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጣው ጥናት፣ አደጋ የገጠማቸው ነጂዎች የኋላውን ጎማ ከልክ በላይ ይዘው ሲያንሸራትቱ የፊቱን ከሚገባው በታች እንደ ያዙት አሳይቷል። እነዚያ ነጂዎች በሰፊ አስፋልት ላይ፣ በሀብታም አገር፣ ከቦክሰር በብዙ እጅ በሚበልጡ ሞተሮች ላይ ነበሩ። ስለዚህ ፍርሃቱ የአበሻ፣ የኬንያዊ ወይም የኡጋንዳዊ አይደለም፤ ያልተማረ እጅ በየትም አገር አንድ ነው።

የኋላ ፍሬን ወዳዶች እዚህ ላይ የሚያነሡት አንድ ብርቱ ነጥብ አላቸው፤ ሳይመልሱት ማለፍም አይገባም። ቦዳ ቦዳ ብቻውን አይሄድም፤ ከኋላው ሰው አለ፤ አንዳንዴም ሁለት፤ የኋላው ጎማ ስለዚህ አይቀልም ይላሉ። እውነት ነው፤ ተሳፋሪ ሲጫን የኋላ ፍሬን ድርሻ ከፍ ይላል። ይሁን እንጂ የሚቆመው ክብደትም አብሮ ከፍ ብሏልና ሁለቱም ፍሬኖች ከቀድሞው ይልቅ ይፈለጋሉ። መገልበጡን የሚፈራ ሰው ደግሞ ይህን ይስማ፦ ክብደቱ ወደ ኋላ ያደላ ሞተር በፊት ጎማው ላይ ለመገልበጥ ከባዶው ይልቅ ይቸገራል። ያስፈራራሉ ተብሎ የሚነገረው ነገር በጣም የሚርቀው በትክክል የቦዳ ቦዳ ነጂው በሚሠራበት ሁኔታ ነው።

ጥበቡ ረጅም አይደለም። እጀታው አይነጠቅም፤ እርጥብ ጨርቅ እንደሚጨመቅ ቀስ ተብሎ ይጀመርና ክብደቱ ወደ ፊት ሲዞር ይጠነክራል። መሪው ቀጥ ይላል። የኋላው አብሮ ይያዛል። በኮረኮንችና በጭቃ ላይ እጁ ይለዝባል፤ የኋላው ድርሻ ይጨምራል፤ ከሁሉ በፊት ግን ፍጥነት ይቀነሳል። ይህን ለማስተማር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃል።

ጥፋቱ ሁሉ የነጂው ነው ማለት ግን ለሻጩ ማድላት ይሆናል። መደበኛው ቦክሰር 150፣ በልኩ 144.8 ሲሲ የሆነው፣ ከፊትም ከኋላም የተገጠመለት ፍሬን በገመድና በዘንግ የሚሠራ ታምቡር ነው። (ኢትዮጵያ ውስጥ «ባጃጅ» ሲባል ሰው የሚያስበው ባለ ሦስት እግሩን ነው፤ ናይሮቢ ላይ ያው ፋብሪካ በቦክሰሩ ይታወቃል፤ ሦስት እግሩማ ቱክቱክ ነው።) ታምቡር የራሱ በጎነት አለው። ሸራው ርካሽ ነው፤ የመንደር መካኒክ በአንድ መፍቻ ያስተካክለዋል፤ የፍሬን ዘይት አይሻም። ነገር ግን ገመዱ ይላላል፤ ውኃ ሲገባው ይዳከማል፤ ሸራው ሲያልቅ ነጂው የሚያውቀው እጀታው እስከ መሪው ድረስ ሲመጣለት ነው። የፊት ፍሬን አይነካም ብሎ የሚያምን ሰው ደግሞ አያስተካክለውም፤ ያልተስተካከለው አይዝም፤ አለመያዙም «አልኳችሁ እኮ፣ የፊት ፍሬን አይረባም» ለሚለው ሌላ ማስረጃ ይሆናል።

ከዚህ ይልቅ የሚያስቆጣው ሕጉ ነው። ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለውን ኤ.ቢ.ኤስ. ቢ.ኤም.ደብልዩ በሞተር ላይ የገጠመው እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከ2016 ጀምሮ ለአዳዲስ ሞዴሎች፣ ከ2017 ጀምሮ ደግሞ ከ125 ሲሲ በላይ ለሆነ ማንኛውም አዲስ ሞተር አስገዳጅ አድርጎታል። አውሮፓ ሀብታም ነው ይባል። ሕንድስ? ሕንድ ከኤፕሪል 2019 ጀምሮ ከ125 ሲሲ በላይ የሆነ አዲስ ሞተር ሁሉ ኤ.ቢ.ኤስ. እንዲኖረው፣ ከዚያ በታች ያለው ደግሞ ቢያንስ ሁለቱን ጎማዎች አብሮ የሚይዝ ጥምር ፍሬን እንዲገጠምለት ደንግጋለች። በዚህ ደንብ መሠረት፣ ናይሮቢና ካምፓላ ላይ «ለአፍሪቃ መንገድ የተሠራ» ተብሎ የሚወደሰው ባለ ሁለት ታምቡር 150 ሞተር በተሠራበት አገር ለአዲስ ገዥ ሊሸጥ አይችልም። ስለ ሲሲ ሌሊቱን የሚከራከሩ የሞተር አፍቃሪዎች ይህን ነገር አንድ ቀን የክርክራቸው ርእስ ሊያደርጉት በተገባ ነበር። ዋጋው ይንራል የሚል መልስ እንደሚመጣ ግልጽ ነው። ይንራል፤ ሕንድም ላይ ንሯል፤ ሕንዳዊው ገዥም ከኬንያዊው የተለየ ባለጸጋ አይደለም። ኤ.ቢ.ኤስ.ን ለመግጠም አቅም ከሌለ እንኳ ጥምር ፍሬን በገመድ ብቻ ሊሠራ የሚችል፣ ታምቡርን የማይጠላ ብልሃት ነው።

ዝምታው ከየት መጣ? እዚህ ላይ በደፈናው የማይነገር አንድ ነገር አለ። በእሑድ ማለዳ በቆዳ ጃኬትና በሙሉ ሄልሜት ወደ ናይቫሻ ወይም ወደ ጂንጃ የሚወጡት ባለ ትላልቅ ሞተሮች ስለ ፍሬን ጠንቅቀው ያውቃሉ። የፊቱን በሁለት ጣት እንዴት እንደሚያለዝቡት ለአንድ ሰዓት ሊያስረዱ ይችላሉ፤ ሞተራቸው ራሱ ኤ.ቢ.ኤስ. አለው። ሆኖም ቦዳ ቦዳውን እንደ ሞተረኛ አይቆጥሩትም። ለእነሱ እሱ የመንገድ መሰናክል፣ የቀልድ መነሻ፣ ሲብስም የሞተረኛን ስም የሚያጎድፍ ነው። በቀን አሥር ሰዓት በሞተር ላይ የሚውለውን ሰው «ሞተረኛ አይደለም» ብሎ፣ በወር ሁለት እሑድ የሚነዳውን «ሞተረኛ» ማለት ምን ዓይነት ሚዛን ነው? ዕውቀቱ ያለው በአንድ ወገን፣ አደጋው ያለው በሌላው ወገን ሆኖ ሁለቱ ነዳጅ ማደያ ላይ ብቻ ይተያያሉ።

የአስተዳደሮች መላ ደግሞ ከዚህ የተሻለ አልሆነም። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ በሞተር ብስክሌት እንቅስቃሴ ላይ እገዳ ስትጥል የተሰጠው ምክንያት ወንጀልን መከላከል ነበር። እገዳውን ተከትሎ የመጣው ክርክርም ስለ ፈቃድና ስለ እንጀራ ነበር፤ ስለ አነዳድ አልነበረም። የሞተር አፍቃሪው ወገንም «መብታችን ተነካ» ከማለት አልፎ «እንዲህ እንነዳለን» የሚል ነገር ይዞ አልቀረበም።

አሁን አዲስ ሙግት መጥቷል፤ ኤሌክትሪክ። አምፐርሳንድ የተባለው ኩባንያ በ2019 ኪጋሊ ላይ ባትሪ የሚቀያየሩ የሞተር ታክሲዎችን ሥራ ካስጀመረ ወዲህ፣ የቡና ገበታው «በአንድ ባትሪ ስንት ኪሎ ሜትር?» እና «ዳገት ይወጣል ወይ?» በሚሉ ጥያቄዎች ተሞልቷል። ጥያቄዎቹ ያው የድሮዎቹ ናቸው፤ ነዳጁ ብቻ ተለወጠ። ባትሪ ከባድ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ገና ሲነሣ ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፤ ድምፁ ስለማይሰማ እግረኛው ዞር ብሎ አያይም። ስለ መቆም ለመነጋገር ከዚህ የተመቸ ጊዜ አልነበረም፤ አዲሱ ሞተር ወደ አገር ሲገባ ሕጉን አብሮ ማስገባት ይቻላልና።

የዚህ መጽሔት አንባቢ ምናልባት ሞተር ነክቶ አያውቅም። ተሳፋሪ ግን ነው። ከኢስሊ ወደ መሀል ከተማ፣ ከካባላጋላ ወደ ገበያ ሲሄድ የሚያየው የነጂውን ጀርባ ነው፤ ትከሻው ላይ አሻግሮ ካየ ግን ቀኝ እጁንም ያያል። አራቱ ጣቶች የጋዙን እጀታ ብቻ ጨብጠው፣ የፍሬን እጀታው ከፊታቸው አቧራ ለብሶ ከተቀመጠ፣ ከመውረዱ በፊት ሒሳቡን ሲከፍል «ወንድሜ፣ የፊት ፍሬንህ ይሠራል?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። የእሑድ ሞተረኞቹ ደግሞ ባዶ ሜዳ፣ ኖራና የመለኪያ ገመድ አያጡም። አንድ መስመር ይሰመር፤ አንድ ቦክሰር በሰዓት 40 ይምጣ፤ መጀመሪያ በኋላ ፍሬን ብቻ፣ ቀጥሎ በሁለቱም ይቁም፤ የቆመባቸው ሁለት ቦታዎች በኖራ ይመልከቱ። በሁለቱ ምልክቶች መካከል ስንት እርምጃ እንዳለ የፌርማታው ነጂዎች ራሳቸው ተራምደው ይቁጠሩት።