ፑንቲናውን ይቀይሩ፣ እውቀቱን ግን አይጣሉ

በሐምሌ ወር፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ሪያድ ውስጥ መንገድ ዳር የቆመ መኪና ኮፈን ከፍተው ያውቃሉ? የአየሩ ሙቀት 45 ዲግሪ ሲደርስ ከሞተሩ የሚወጣው ወላፈን ፊት ይለበልባል። መኪናው የ40 ወይም የ50 ዓመት ዕድሜ ያለው ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ሁሌም አንድ ነው፦ የጠፋው ነዳጅ ነው ወይስ እሳት?

ይህ ጥያቄ ባለፈው ሐምሌ ወደ መካ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ ገጠመኝ። የምሠራላቸው አዛውንት ከወጣትነታቸው ጀምሮ የያዙት ላንድክሩዘር ኤፍጄ 40 ድንገት ጠፋ። ውሃ ይዘን ነበር፤ ጥላ ግን አልነበረም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሞተሩ በረድ ሲል ተነሳ። በማግስቱ ኮንዴንሰሩን ብቻ ስቀይር ችግሩ አልተመለሰም። አውራ ጣት የማታክል ርካሽ ዕቃ ሁለት ሰው በረሃ ላይ አቁማ ነበር።

ከዚያ በኋላ በአንድ ዓርብ ጠዋት፣ እዚያው ግቢያቸው ውስጥ፣ ፑንቲናውንም ኮንዴንሰሩንም አውጥተን በኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ተካናቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የያዝኩት አቋም ይህ ነው፦ በዚህ ከተማ ሙቀት የሚነዳ አሮጌ መኪና ይህ ለውጥ ይገባዋል። ሆኖም የአሮጌውን አሠራር ሳያውቁ አዲሱን መግጠም ችግሩን ወደ ሌላ ቀን ማሻገር ነው።

ፑንቲና ወደ ቦቢናው የሚሄደውን ኤሌክትሪክ የሚያገናኝና የሚያቋርጥ ትንሽ ዕቃ ነው። በተቋረጠ ቁጥር ቦቢናው የባትሪውን 12 ቮልት ወደ 20 ሺህ ቮልትና ከዚያም በላይ አሳድጎ ለካንዴላው ይልካል። ኮንዴንሰሩ በበኩሉ የፑንቲናው አፍ በብልጭታ እንዳይቃጠል ይከላከላል። ባለስድስት ሲሊንደር ሞተር በደቂቃ 3 ሺህ ዙር ሲዞር ፑንቲናው 9 ሺህ ጊዜ ይከፈታል። አፉ ይቃጠላል፤ ከሚሽከረከረው ዘንግ ጋር የሚፋተገው እግሩ ይበላል። በዚህ የተነሳ ክፍተቱ ይጠብባል፣ ታይሚንጉም ይዛባል።

ኤሌክትሮኒኩ ይህንኑ ሥራ በማግኔት ይሠራል። የሚፋተግ ነገር ስለሌለው የሚበላም የለውም። አዲስ ፋሽንም አይደለም። ክራይስለር ከ1973 ሞዴል ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ በሚሠራቸው መኪኖች ላይ ሁሉ ፑንቲናን ትቶ ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ገጥሟል።

ታዲያ ተቃውሞው ምንድን ነው? አንደኛው “የመኪናው ታሪክ ይበላሻል” የሚል ነው። ስሜቱ ይገባኛል። የአብዱል ለጢፍ ጀሚል ድርጅት ቶዮታን ወደ ሳዑዲ ማስገባት የጀመረው በፈረንጆቹ 1955 ነው፤ ኤፍጄ 40 ደግሞ ከ1960 እስከ 1984 ተመርቷል። አስፋልት ባልነበረበት ዘመን አሸዋውን ያቋረጡ አባቶች ይህን መኪና እንደ ቤተሰብ ያዩታል። ነገር ግን አዲሱ ዕቃ የሚቀመጠው በዲስትሪቢዩተሩ ክዳን ሥር ነው፤ ከውጭ አይታይም። የሚቆረጥ ወይም የሚበሳ ነገር የለም፤ በፈለጉ ጊዜ ወደ ነበረበት ይመልሱታል። ለእኔ የመኪና ታሪክ የሚጠፋው መኪናው ቆሞ አቧራ ሲለብስ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ የበለጠ ክብደት አለው። ፑንቲና ብዙ ጊዜ ሲያረጅ ያስጠነቅቃል፤ መንገድ ላይም በደቃቅ የአሸዋ ወረቀት ተጠርጎ ቤት ያደርሳል። ኤሌክትሮኒኩ ግን ሲሞት በአንዴ ነው፣ አይጠገንም። ይህ እውነት ነው። መልሱም ቀላል ነው፦ ያወጡትን ፑንቲናና ኮንዴንሰር አይጣሉ። ደህና ከሆኑ አጽድተው፣ ካልሆኑ አዲስ ገዝተው፣ ከጠመንጃ መፍቻና ከክፍተት መለኪያ ጋር በጨርቅ ጠቅልለው መኪናው ውስጥ ያኑሯቸው። ክፍተት መለካት ለማያውቅ ሰው ግን ይህ ጥቅል የብረት ቁራጭ ብቻ ነው።

ቤትዎ ሆነው ለመሥራት ካሰቡ መጀመሪያ በሽታውን ይለዩ። በሪያድ ሙቀት በቱቦውና በካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ራሱ ሊፈላ ይችላል፤ ሞተሩም እሳት እንደጠፋበት ሆኖ ይቆማል። ቤንዚን የፈሰሰበት ቦታ አለመኖሩን ካረጋገጡ በኋላ ትርፍ ካንዴላ በገመዱ ላይ ሰክተው፣ በፕላስቲክ በተሸፈነ ፒንሳ ይዘው፣ ብረቱን ከሞተሩ ጋር አስነክተው ሰው ሞተሪኖውን እንዲያዞር ያድርጉ። ጥሩ ብልጭታ ካዩ ነዳጁን ይመልከቱ፤ ኤሌክትሮኒክ መግዛት አያድንዎትም።

ለመቀየር ከወሰኑ የባትሪውን ኔጌቲቭ ይፍቱ። የቦቢናዎን ኦም በቴስተር ይለኩ፤ ከዕቃው ጋር የመጣው ወረቀት ከሚጠይቀው ካነሰ አዲሱ ዕቃ ይቃጠላል። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉን ከፍተው አይተዉ፤ ብዙዎች ገና የገዙትን ዕቃ ያቃጠሉት እንዲህ ነው። በመጨረሻም ታይሚንጉን በመብራት ያስተካክሉ፤ ፑንቲናው ሲወጣ የቀድሞው ልክ አብሮ ይሄዳልና።

እዚህ ላይ ሙያውን አዲስ አበባ ለተማርን ሰዎች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ሪያድ ግን 600 ሜትር ገደማ ላይ። በአገር ቤት ስስና ቀዝቃዛ አየር ታይሚንጉን ትንሽ ማስቀደም ሞተሩን ያነቃቃዋል። ያንኑ ልማድ እዚህ ቢደግሙት ዳገት ላይ ሞተሩ ሲያንኳኳ ይሰሙታል። ማንኳኳቱ ከቆየ ፒስተኑን ይጎዳል። በጆሮ ልማድ ሳይሆን በመብራቱና በመኪናው መመሪያ ይመሩ።

ነገሩ የሪያድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኢትዮጵያ በፈረንጆቹ 2024 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። አዲስ አበባ ላይ ዛሬም የሚዞሩት አሮጌ ቮልሶች የሚኖሩት ባሉት ዕቃና ባለው እውቀት ነው። እውቀቱ ያለው ደግሞ ፑንቲናን እየለኩ ባደጉ መካኒኮች እጅ ነው። ከእነርሱ ብዙዎቹ ዛሬ በሪያድና በሌሎች የባሕረ ሰላጤው ከተሞች ጋራዦች ይሠራሉ። ኮምፒውተር ሰክቶ ብልሽት የሚያነብ ወጣት ሞልቷል፤ ኮምፒውተር የሚሰካበት ቦታ የሌለውን መኪና የሚያነብ ግን እያነሰ ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው ዓርብ ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ ኮፈኑን ሲከፍቱ ብቻዎን አይሥሩ። ልጅዎን ወይም የጎረቤትን ልጅ ይጥሩ። ፑንቲናውን ከማውጣትዎ በፊት ክፍተቱን አንድ ጊዜ በራሱ እጅ እንዲለካ ያድርጉት። አዲሱን ዕቃ ከዚያ በኋላ ይግጠሙ።