ጎርፍን በእርሳስ

 

በቅርቡ በሰንበት ትምህርት ክፍላችን ልጆቹ የኖኅን መርከብ ሳሉ። ሰማያዊ ውሃ፣ ፈገግ ያለች ቀጭኔ፣ ከላይ ቀስተ ደመና። እኔም በልጅነቴ የሳልሁት ይህንኑ ነው። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ግን እጁን አወጣና "ጎርፉስ የት አለ?" አለኝ። የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ዘፍጥረትን አስተምሮኛል፤ ጎርፍ መሳል ግን አላስተማረኝም። ማታ ቤት ገብቼ ሞከርሁ። አብራኝ የምታስተምር እኅት አየችውና ሳቀች። "እትዬ፣ ይኼ እኮ የሐዋሳ ሐይቅ ነው" አለችኝ።

እርሷ ያደገችው ድሬዳዋ ነው። ሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ፣ 1998 ዓ.ም. የደቻቱ ወንዝ ከተማውን ሲያጥለቀልቅ ገና ልጅ ነበረች። ድሬዳዋን የምታውቁ ታስታውሳላችሁ፤ ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፣ ሰው ከከዚራ ወደ መጋላ በእግሩ ይሻገረዋል። የዚያን ሌሊት በዙሪያው ባሉት ደጋማ ቦታዎች የጣለው ከባድ ዝናብ ሰው በተኛበት ደረሰ። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ በሺህ የሚቆጠሩም ያለ ቤት ቀሩ።

እርሳስና ላጲስ ይዘን ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን። ከእርሷ የተማርሁትን ለእናንተም ላካፍላችሁ። ስዕል አልችልም የምትሉ እናቶች በተለይ አንብቡት፤ እኔም አልችልም ነበር።

ወረቀቱን አግድም አስቀምጡ። መጀመሪያ ተራራዎቹን ከላይ በስሱ ሳሉ፤ ውሃው የሚመጣው ከዚያ ነውና ያለ እነርሱ ታሪኩ አይገባም። ከተራራው ሥር ወንዙን እንደ ጣት ቀጭን አድርጋችሁ ጀምሩ፤ ወደ እናንተ ሲቀርብ እየተጠማዘዘና እየሰፋ ይምጣ፣ ከወረቀቱ ግርጌ ሲደርስ ከመዳፍ ይስፋ። ሩቅ ያለው ትንሽ፣ ቅርብ ያለው ትልቅ መሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ነገር የለም።

አሁን ቤቶቹ። የጀማሪ ሁሉ ስሕተት (የእኔም) ቤቱን ውሃው ላይ እንደ ጀልባ ማስቀመጥ ነው። ይልቅ ቤቱን ከነመሠረቱ፣ ከነበሩ፣ ከነመስኮቱ ሙሉውን ሳሉ። ከዚያ በበሩ ወገብ ላይ አንድ መስመር አስምሩና ከመስመሩ በታች ያለውን በላጲስ አጥፉት። ቤቱ ወዲያው ውሃ ውስጥ ይገባል! ልጆች ይህን ሲያዩ ዝም ይላሉ። የጎረቤቱም ቤት በር እዚያው ወገቡ ላይ ይቆረጥ፤ አንዱ እስከ መስኮት፣ አጠገቡ ያለው እስከ ደጃፍ ከሆነ ዓይን አያምነውም። የበሩ መጠን ሰው ምን ያህል እንደሚሰጥም ይነግራል፤ ስለዚህ ሰው ሳትስሉ እንኳ ጥልቀቱ ይታወቃል።

ውሃው እንደ ባሕር አይወዛወዝም። ከላይ ወደ ታች የሚሮጡ ረጃጅም መስመሮች ሳሉ። የዛፍ ግንድ ወይም የቤት ጥግ ሲያጋጥማቸው መስመሮቹ ማበጠሪያ እንደገባበት ፀጉር ለሁለት ይከፈሉና አልፈው ይገናኙ። ከለር ካላችሁ ሰማያዊውን ወደ ጎን አድርጉት፤ ጎርፍ አፈር ተሸክሞ ነው የሚመጣው፣ ቡናማ ነው። በላዩ ላይ ሥሩ ወደ ላይ የተገለበጠ ዛፍ፣ የተገነጠለ ቆርቆሮ፣ ጀሪካን ጣል ጣል አድርጉበት። ጀሪካኗን እርሷ ናት የጨመረችው። "የሁሉም ሰው ዕቃ አብሮ ነበር የሚሄደው" አለች።

ሰው መሳልን በተመለከተ አንድ ሐሳብ አለኝ። ለልጆች የሞተ ሰው ወይም የሚያለቅስ ፊት ሳሉ አልልም። ጣሪያ ላይ የቆሙ ሁለት ሦስት ባቄላ የሚያካክሉ ቅርጾች ይበቃሉ። ልጁ በራሱ ከዚያ የከበደ ነገር ከሳለ ግን አትቆጡት፣ ላጲስም አትስጡት። "ስለዚህ ንገረኝ እስቲ" ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ካልነገራችሁም ተዉት።

ሌሊት ለማድረግ የእርሳሱን ጫፍ ሳይሆን ጎኑን ተጠቀሙ። ወረቀቱን በሙሉ በስሱ አጥቁሩና በሶፍት አሹት፤ ከዚያ ከሰማዩ ይልቅ ውሃውን ደግማችሁ አጨልሙት።

እኔ እዚህ ስደርስ ሁሉንም ለማጥቆር ቸኩዬ ነበር። እርሷ እጄን ያዘችና ከመጋላ በኩል ባለ አንድ ጣሪያ ላይ ጣቷን አሳረፈች። "እዚህ ጋ አታጥቁሪው እትዬ" አለች። ጎረቤታቸው ጣሪያ ላይ ወጥቶ እስኪነጋ ባትሪ ሲያበራላቸው ነበር። እርሳስ ብርሃን መሳል አይችልም፤ ብርሃን ማለት ያልተነካ ወረቀት ነው። ሳታስቡት አጥቁራችሁት ከሆነ ላጲሱን በምላጭ አሹሉና በጫፉ አንዴ ብቻ ንኩት። እርሷ ላጲስ አላስፈለጋትም፤ እስክንጨርስ ድረስ ጣቷን ከዚያች ቦታ ላይ አላነሳችም።