ክስን ስለ ማሻሻልና ስለ መያዣ ክርክር

ዳኛ የተሾመው ነገርን ለመቍረጥ ነው። ነገርም የሚቈረጠው ባለጕዳዮቹ የሚጣሉበት ሁሉ በአንድ መዝገብ ተገልጦ በአንድ ፍርድ ሲያልቅ ነው። ግማሹ ተጽፎ ግማሹ በልብ የቀረ እንደ ሆነ ግን ፍርድ ቢሰጥም ጠቡ አይበርድም።

ይህ በተለይ የሚከብደው በመያዣ ክርክር ላይ ነው። የታች አርማጭሆ ዋና ከተማ ሳንጃና ከዚያ ወደ መተማ የሚዘልቀው ቈላ የሰሊጥና የጥጥ አገር ነው። ገበሬው ለአረምና ለአጨዳ የሚከፍለው ገንዘብ የሚያስፈልገው ሰሊጡ ሳይሸጥ አስቀድሞ ስለ ሆነ መበደር ግድ ይሆንበታል፤ ተበዳሪም መያዣ ይጠየቃል። በቀድሞው ዘመን በአገራችን የታወቀው ወለድ አገድ ነበረ፤ አበዳሪው በወለድ ፈንታ የመሬቱን ፍሬ ይበላ ነበር። አበዳሪው ባንክ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ1990 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅ ቍጥር 97 እንደሚለው፥ በውሉ ሥልጣን የተሰጠው ባንክ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለው ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ በሐራጅ ሊሸጥ ይችላል። የሐራጅን ሥርዓት ጥሶ ጉዳት ቢያደርስ ግን ኀላፊነቱ የራሱ ነው።

እንግዲህ አንድ ባለዕዳ «ሐራጁ ይቁምልኝ» ብሎ ከሰሰ እንበል። ነገሩ ሳይቈረጥ ቤቱ ተሸጠ። ፊተኛው ልመናው ከንቱ ሆነ፤ አሁን የሚያሻው ሐራጁ በደንቡ እንዳልተደረገ አስረድቶ ኪሣራ መጠየቅ ነው። ይህ ግን በክሱ አልተጻፈም፤ ዳኛም ባልተጠየቀው ነገር አይፈርድም። ሌላ ክስ አመጣለሁ ቢልም፥ በፊተኛው ክርክር ሊነሣ ይገባው የነበረ ነገር እንደ ተነሣ ተቈጥሮ በሩ ሊዘጋበት ይችላል።

ስለዚህ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ በ91ኛው አንቀጽ መድኀኒቱን አኖረ። ፍርድ ከመሰጠቱ በፊት፥ የክርክሩን እውነተኛ ጭብጥ ለመለየት የሚያስፈልግ ሲሆን፥ ፍርድ ቤቱ ከሳሽም ተከሳሽም ጽሑፉን እንዲያሻሽል ሊፈቅድ ይችላል።

በዚህ ሥልጣን ላይ ሁለት ስሕተት ይፈራል። አንደኛው፥ «አስቀድመህ አልጻፍኸውም» ብሎ ሁሉን መከልከል ነው፤ ይህ እውነቱን ሳይሆን የጽሑፉን ጕድለት መፍረድ ነው። ሁለተኛው፥ በየቀጠሮው አዲስ ነገር እየጨመሩ ክርክሩን ለማስረዘም ለሚሹ ሁሉ መፍቀድ ነው፤ በዚህም የሚጐዳው ገንዘቡን የሚጠብቀው አበዳሪ ብቻ አይደለም፥ ወለዱ የሚከመርበት ባለዕዳ ጭምር ነው። ፍትሐ ነገሥትን ያነበቡ ሊቃውንት እንደሚያውቁት ዳኛ ባለጠጋውንና ድኻውን አስተካክሎ መስማት ይገባዋል። መስፈሪያውም ሩቅ አይደለም። አዲሱ ጥያቄ ከዚያው ውልና ከዚያው ሐራጅ የተወለደ ነውን? ጠያቂው ነገሩን እንዳወቀ ሳይዘገይ አመለከተን? ባላጋራውስ የተሻሻለው ክስ ደርሶት ለመልስ በቂ ጊዜ አገኘን? ይህ ከተሟላ መፍቀድ ተገቢ ነው፤ በመዘግየቱ ሌላው ወገን ያወጣው ወጪ ቢኖር አዘግዪው እንዲከፍል ማድረግ ይቻላል።

ነገር ግን ከመድኀኒቱ ጥንቃቄው ይበልጣል። ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎች ውሉን፥ የመያዣውን ምዝገባ፥ ማስጠንቀቂያው የደረሰበትን ቀንና የሐራጁን ማስታወቂያ አስቀድመው ይመርምሩ። ዋናውን ጥያቄ ከጻፉ በኋላ «ይህ ባይሆን» ብለው ተለዋጩን ጥያቄ ያክሉበት። ሕዝቡ ምክር የሚጠይቃቸው ካህናትና ሹማምንትም ባለጕዳዩን ወረቀቱን ሁሉ ይዞ በጊዜው እንዲቀርብ ይምከሩት። የቈላ ገበሬ ይህን ለመረዳት አይቸግረውም፤ በጊዜው ያልታጨደ ሰሊጥ ራሱ ተከፍቶ ፍሬውን በመሬት ላይ እንደሚያፈስ ያውቃልና። በጊዜው ያልተነገረ መብትም እንዲሁ ነው።