ጸጋ የራሽን ካርድ አይደለም

ጋምቤላ ከተማ፣ ባሮ ዳር ሻይ ስንጠጣ ከአዲስ አበባ የመጣ ወዳጄ የሰነዘረው ቃል እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። «ይህን ሕዝብ ያሰነፈው የነፃ ነገር ነው። እናንተ ደግሞ መዳንም በነፃ ነው ብላችሁ ልትጨርሱት ነው?» አለኝ።

ወዳጄ ጸጋን ከዕርዳታ ስንዴ ጋር አምታቷል። ስንዴው ነፃ አይደለም። ኢታንግ ወይም ፒኝዶ መጠለያ የኖረ ስደተኛ ይመሰክራል፤ ይመዘገባል፣ ይጣራል፣ ካርድ ይዞ ይሰለፋል። ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች የጻፈላቸው ጸጋ ግን «ይገባሃል ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ለመሆኑ ፈያታዊ ዘየማን ምን ካርድ ይዞ ነው ገነት የገባው?

ያሰንፋል ለሚለውም መልስ አለኝ። አሜሪካዊው ሚሲዮናዊ ዶን ማክሉር በ1940ዎቹ ዓ.ም. ፖክዎ ላይ፣ በአኝዋኮች መካከል የሰበከው ይህንኑ ጸጋ ነው። እጁን አጣጥፎ ግን አልተቀመጠም። ከስብከቱ ጎን ትምህርት ቤት፣ ክሊኒክና እርሻ ነበሩ። በ1969 ዓ.ም. ጎዴ ላይ እስከተገደለበት ቀን ድረስም ከሥራው አልተለየም። ለመዳን የሚሠራ ሰው ሒሳቡን ይቆጥራል፤ ስለዳነ የሚሠራ ግን መቁጠሩን ይረሳል።

ጉዳዩ የመጽሐፍ ክርክር ብቻ አይደለም። ጋምቤላ በታኅሣሥ 1996 ዓ.ም. የአኝዋክ ደም የፈሰሰባት፣ አኝዋክና ኑዌርም ደም የተቃቡባት ምድር ናት። ገዳይ በፍርድ ፊት ይቁም፤ ጸጋ ዳኛን አይሽርም። ነገር ግን ምሕረት ለሚገባው ብቻ ነው ካልን፣ እያንዳንዱ ወገን ሌላው እስኪገባው ድረስ ጦሩን ስሎ ይጠብቃል። ሳይገባው የተማረ ሰው ግን ወንድሙን «መጀመሪያ ይገባህ» ለማለት ምን አፍ አለው?