የአሸንጌ መርዝና የኒውዮርክ ድምፅ

ኅዳር 15 ቀን 1954 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ በኑክሌር መሣሪያ መጠቀም የድርጅቱን ቻርተር የሚጥስ፣ በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀል ነው ሲል ወሰነ። ሐሳቡን ይዘው ለድምፅ ካበቁት አገሮች ግንባር ቀደሟ ኢትዮጵያ ነበረች፤ 55 አገሮች ደገፉ፣ 20 ተቃወሙ፣ 26 ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ከተቃወሙት አንዷ ጣሊያን ናት። ስለ ሂሮሺማ ስናወራ ይህ የራሳችን ታሪክ እምብዛም አይነሣም። ሊነሣ ይገባል፤ ያ ድምፅ የመጣው ከደረሰብን ነገር ነውና። በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በተከዜ በራስ እምሩ ጦር ላይ የወረደው የጣሊያን መርዝ ጋዝ ከማይጨው ጦርነት በኋላ በአሸንጌ ዳር የሚያፈገፍገውን ሠራዊት አገኘው። ንጉሠ ነገሥቱ ሰኔ 23 ቀን ጄኔቭ ላይ እንዳስረዱት፣ አውሮፕላኖቹ ዘጠኝም አሥራ ስምንትም ሆነው ተከታትለው እየበረሩ መርዙን እንደ ካፊያ ይረጩት ነበር፤ ሰውም ከብትም፣ ወንዝም ግጦሽም አልተረፈም።

«ጋዝና አቶም ምን አገናኛቸው?» የሚል ይኖራል። በጉዳት መጠን አይገናኙም። የ1954ቱ ውሳኔ ግን መርዝ ጋዝን የከለከለውን የ1925 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቭ ፕሮቶኮል ጠቅሶ ነው ክርክሩን የሚያቆመው፤ ወታደርና ሰላማዊ ሰው የማይለይ መሣሪያ ከተከለከለ፣ ከሱ የባሰው እንዴት ይፈቀዳል ነው ነገሩ። ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የተደበደበችው በመርዝ ሳይሆን በፈንጂና በተቀጣጣይ ቦምብ መሆኑም እውነት ነው። ቢሆንም ከደሴ በሐይቅና በውጫሌ አልፎ ወደ ሰሜን የዘመተው ሰው የገባው እዚያው መርዝ ውስጥ ነው።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ውሳኔው አንድም ቦምብ አላስቀነሰም የሚለው ነው። አላስቀነሰም፤ አስገዳጅም አልነበረም። የንጉሠ ነገሥቱም የጄኔቭ አቤቱታ በጊዜው ሰሚ አጥቶ ነበር። ጣሊያን በመርዝ ጋዝ መጠቀሟን በመከላከያ ሚኒስትሯ አፍ ያመነችው በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ያሳመናትም የሟቾች ብዛት ሳይሆን ሰነድ ነው። በኑክሌርም ቢሆን በ2009 ዓ.ም. 122 አገሮች የእገዳ ውልን በድምፅ ደግፈዋል። ተቃውሞ ዕድሜ የሚያገኘው ሲመዘገብ ነው። እኛ ጋ ደግሞ (ይህ ያስቆጫል) ብዙው ነገር በቃል ቀርቷል። የ1928ቱን ዘማች ዛሬ ማግኘት አይቻልም፤ ከአባቱ አፍ የሰማ ግን በአምባሰል ቀበሌዎች አሁንም አለ። የሐይቅና የውጫሌ የታሪክ መምህራን ተማሪዎቻችሁን በስልካቸው ድምፅ እንዲቀዱ ላኳቸው፤ በዚህ ዓመት ይሁን።