«ኦሪጅናል ነው፣ ወንድሜ!»

መርካቶ ሂዱ፣ መገናኛ ሂዱ፤ የስልክ ዕቃ የሚሸጠው ልጅ አፉ ላይ ያለችው ቃል አንዲት ናት፦ «ኦሪጅናል»። ርካሹም ኦሪጅናል፣ ውዱም ኦሪጅናል። ኮፒ የሚባል ነገር አገራችን አልገባም ማለት ነው!

እስቲ ያቺን ነጭ ቻርጀር በእጃችሁ መዝኗት። እንደ ባዶ ክብሪት ቀለለቻችሁ? እንግዲያው ከውስጧ የጎደለ አለ ብላችሁ ጠርጥሩ። የቻርጀር ሥራው ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 5 ቮልት አውርዶ ለስልኩ ማቀበል ነው። በሁለቱ መሐል በቂ ክፍተትና መከላከያ ያስፈልጋል። ወጪ ቆጣቢው ፋብሪካ የሚሰርቀው እሱን ነው። መከላከያው የሳሳ ዕለት 220ው በገመዱ አድርጎ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ የሚያወራው ሰው ዘንድ ይደርሳል። ገመዱም ቢሆን ሽቦው ከቀጠነ ይግላል፣ ይቀልጣል፤ እኛ ደግሞ ትራስ ሥር ከተነው እንተኛለን።

የፈሪ ወሬ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2016 ዩ ኤል የተባለው የደህንነት ፈታሽ ድርጅት፣ የአፕልን አስመስለው የተሠሩ 400 ቻርጀሮች ፈትሾ በቂ መከላከያ የተገኘባቸው ሦስት ብቻ ነበሩ። ሦስት!

«ርካሽ የገዛ የእጁን ነው» የሚሉን አሉ። ድሃው በምን ይለየው? ሲኢ የምትለዋን ምልክት እንደሆነ ማንም ያትማታል። ዕቃው በኮንቴይነር ሲገባ ቀረጡን የቆጠረ መንግሥት ውስጡንም ከፍቶ ይይ። ሻጩም ደረሰኝ ይስጠን፤ በሳምንቱ ሲቃጠል «ነካክተኸው ነው» አይበለን።