ማንበብ የሚችል መሣሪያ ለምን እንዳይጽፍ ይታሰራል?

ጨዋታ የሚል ቃል በተነሣ ቁጥር የብዙ ወላጆች ፊት ይጠቁራል። ተማሪ ከጨዋታ መሣሪያ ጋር የሚያሳልፈው ሰዓት ሁሉ ከደብተሩ የተሰረቀ ሰዓት ነው ተብሎ ይታመናል። እኔ ግን በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ አንድ አሮጌ የጨዋታ መሣሪያ ለመጻፍ የተነሣሁት በምክንያት ነው። ነገሩ ሲመረመር ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይገኝም፤ የባለቤትነት፣ የጥበብና የቅርስ ጥያቄ አለበት። ውድ አንባቢዎቼ እስከ መጨረሻው ታግሠው ካነበቡልኝ በኋላ ቢፈርዱ ደስ ይለኛል።

ኒንቴንዶ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ1983 እ.ኤ.አ. ከቴሌቪዥን ጋር እየተያያዘ የሚሠራ ፋሚኮም የሚባል የጨዋታ መሣሪያ አወጣ። ከዚያም በየካቲት 14 ቀን 1978 ዓ.ም.፣ ይኸውም በ1986 እ.ኤ.አ.፣ ለዚሁ መሣሪያ ዲስክ የሚያጫውት ተጨማሪ ክፍል በ15,000 የን ለገበያ አቀረበ። ዲስኩ ከእጅ መዳፍ ያነሰ፣ በሁለቱም ገጹ የሚሠራ፣ በጠቅላላው ወደ 112 ኪሎባይት ያህል የሚይዝ ነበር። ዛሬ በስልካችን የምናነሣው አንድ ፎቶግራፍ እንኳ ከዚህ ይበልጣል። በዚያ ዘመን ግን አንድ ሙሉ ጨዋታ ይበቃው ነበር።

ከዚያ በፊት የነበረው ጨዋታ በፋብሪካ ውስጥ ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ተቀርጾ የሚወጣ ስለ ነበረ ሊለወጥ አይችልም ነበር። ዲስኩ ግን እንደ ቴፕ ካሴት በማግኔት ይሠራል። በላዩ ያለውን አጥፍቶ ሌላ መጻፍ ይቻላል። ስለዚህ ኩባንያው በየሱቁ የመጻፊያ ማሽን አቆመ። አንድ ልጅ የሰለቸውን ጨዋታ ይዞ ሄዶ 500 የን ከከፈለ በዚያው ዲስክ ላይ ሌላ ጨዋታ ይጻፍለት ነበር። አዲስ ከመግዛት እጅግ የረከሰ መሆኑ ግልጽ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። በየልጁ ቤት የነበረው መሣሪያም መጻፍ ይችላል። ተጫዋቹ ስሙንና የደረሰበትን ደረጃ በዲስኩ ላይ የሚያኖርለት ይኸው መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ሰዎች ጨዋታውን በቤታቸው መገልበጥ ስለ ጀመሩ ኩባንያው መንገዱን ለመዝጋት ተነሣ። በዲስኩ ፊት ላይ በጎድጓዳ የተቀረጸው የኩባንያው ስም ራሱ እንደ ቁልፍ ነበር፤ ፊደሎቹ በቦታቸው ካልገጠሙ ዲስኩ በትክክል አይገባም። ኋላ በወጡት መሣሪያዎች ውስጥ ደግሞ አጭር ጽሑፍ የሚፈቅድ፣ ዲስኩን በሙሉ ለመጻፍ ሲሞከር ግን የሚያግድ የኤሌክትሪክ ሥራ ተጨመረ። መሣሪያው እጅ ነበረው፤ እጁ ግን ታሰረ ማለት ነው።

አንዳንድ ጥበበኞች የሚያደርጉት ይህን እስራት መፍታት ነው። ክዳኑን በካቻቢቴ ይከፍታሉ። የሚያግደው ክፍል የትኛው እንደ ሆነ ይመረምራሉ። ከዚያም አንዱን መስመር ቆርጠው፣ ቀጭን ሽቦ በሶልደር በይደው፣ ትእዛዙ እገዳውን አልፎ ወደ መጻፊያው ሄድ እንዲደርስ ያደርጋሉ። መሣሪያው በስድስት ባትሪ ድንጋይም ስለሚሠራ ኃይሉ አነስተኛ ነው። በውስጡ ሞተሩን ከዲስኩ ጋር የሚያያይዝ የላስቲክ ቺንጋ አለ። ቺንጋው ከብዙ ዓመት በኋላ ይላላል፣ ይበጠሳል፣ አንዳንዴም ቀልጦ ይጣበቃል። እርሱን የሚለውጥ ሰው የሄዱን አነሣስ እንደ ገና ማስተካከል አለበት። ምክንያቱም በዚህ ዲስክ ላይ ያለው መስመር እንደ ሸክላ ዘፈን ከዳር ወደ መሐል የሚጠመዘዝ አንድ መስመር ነው፤ መነሻው ከተሳሳተ ሁሉም ይሳሳታል። እንግዲህ ይህን ሁሉ ያወቀ ልጅ ስለ ማግኔት፣ ስለ ሞተርና ስለ ኤሌክትሪክ በፊዚክስ ክፍል የተማረውን በእጁ ዳሰሰው ማለት ነው።

«የኩባንያውን ቁልፍ መስበር ስርቆት አይደለምን?» ብሎ የሚጠይቀኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ደራሲ ከድርሰቱ፣ ዘፋኝ ከዘፈኑ ሊጠቀም ይገባዋል። በሀገራችንም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 የወጣው ይህንኑ ለማስከበር ነው። የሰውን ሥራ አባዝቶ የሚሸጥ ሰው የሰው ላብ ይሸጣል፤ እኔ ለእርሱ ጠበቃ አልቆምም።

ነገር ግን በዚህ ጉዳይ ጊዜው ፍርዱን ለውጦታል። የመጻፊያዎቹ ማሽኖች በ1993 እ.ኤ.አ. ከሱቆች ተነሡ። ኩባንያው ራሱ ዲስክ እየተቀበለ የሚጽፈውም አገልግሎት በ2003 እ.ኤ.አ. ቆመ። ከዚያ ወዲህ ዲስኩ የተበላሸበት ሰው 500 የን ይዞ የሚሄድበት ቦታ የለውም። ማግኔቱ ደግሞ እያደር ይደክማል፤ መሸፈኛ የሌለው ዲስክ አቧራ ይገባበታል። ቁልፉን ያበጀው ጌታ በሩን ዘግቶ ከሄደ በኋላ በቤቱ ውስጥ የቀረው ሰው በሩን ቢከፍት ሌባ ይባላልን? እኔ አይባልም ባይ ነኝ። የገዛ ዕቃውን የሚያድስ፣ የማይሸጥ፣ ከማንም እንጀራ የማይነጥቅ ሰው ጥበበኛ እንጂ ወንጀለኛ አይደለም።

ይህ የጃፓን ወሬ ለእኛ ምን ያደርግልናል እንዳይባል በየቤታችን ያለውን ካሴት እንመልከት። ካሴት በጀርባው በኩል ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች አሉት። ጥርሱ ከተሰበረ ቴፑ የመቅጃውን ቁልፍ አያስጫንም። በሱቅ የሚሸጥ የዘፈን ካሴት ጥርሱ ተነሥቶ ይመጣ ነበር። አባቴ ግን ቀዳዳውን በወረቀት ደፍነው፣ በላዩ ፕላስተር ለጥፈው ይቀዱበት ነበር። አያቴ በሕይወት ሳሉ ሩቅ ሀገር ላለው ልጃቸው በድምፅ የላኩት ሰላምታና ምርቃት የተቀዳው እንዲህ ባለ ካሴት ላይ ነው። የአያቴ ድምፅ ዛሬ በቤታችን የሚገኘው በዚያ ብቻ ነው። ያች ቁራጭ ወረቀት ባትኖር ድምፃቸውን አልሰማውም ነበር። የጃፓኑ ሽቦና የአባቴ ወረቀት በእኔ ዓይን አንድ ሥራ ሠርተዋል።

ደግሞስ ጎንደር ያለ ግልበጣ መቼ ትታወቃለች? ቁም ጸሐፊዎች ከአሮጌ ብራና ወደ አዲስ ብራና እየገለበጡ ባያቆዩልን ኖሮ የአባቶቻችንን መጻሕፍት ብልና ምስጥ በልቷቸው በቀረ ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት አሰባስበው መቅደላ ካኖሯቸው መጻሕፍት ብዙዎቹን የእንግሊዝ ጦር በ1868 እ.ኤ.አ. ወስዷቸዋል። ዛሬም በለንደን በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ከእነርሱ አንዳንዶቹን በዚህ ዘመን ልናያቸው የቻልነው በፎቶግራፍ ተገልብጠው ስለ ቀረቡ ነው። እንዲሁም ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሀገራችን የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም የማንሣት ታላቅ ሥራ ተሠርቶ በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተቀድተዋል። መጽሐፉ ቢቃጠል ወይም ቢሰረቅ ቅጂው ይመሰክራል። ስለዚህ መገልበጥን ሁሉ በጅምላ ማውገዝ ለጎንደር ልጅ አይገባም። ሊጠየቅ የሚገባው «ማን፣ ምንን፣ ለምን ገለበጠ?» ተብሎ ነው።

አሁን ወደ ራሳችን ልመለስ። እኛ ተማሪዎች በየሰፈሩ ባሉት የፕሌይስቴሽን ቤቶች ተሰብስበን እንጫወታለን። በስልካችንም ሌሎች የሠሩትን እናያለን፣ እንሰማለን። ማጫወቻው እንዴት እንደሚያነብ፣ ለምን እንደማይጽፍ የሚጠይቅ ግን ከመካከላችን ጥቂት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው። መሣሪያው ብቻ ሳይሆን እኛም ማንበብ የተፈቀደልን፣ መጻፍ የተከለከልን እንዳንሆን እፈራለሁ። ልዩነቱ እኛን ያሰረን ቺፕ አለመኖሩ ነው። ያሰረን «አትንካው፣ ታበላሸዋለህ» የሚለው ቃል ነው። ወላጆቻችን ይህን የሚሉት ዕቃ በብዙ ድካም የሚገዛ በመሆኑ እንደ ሆነ አይጠፋኝም። የሚሠራውን ዕቃ አትንካ ማለት ትክክል ነው። የሞተውን ዕቃ አትንካ ማለት ግን ለማንም አይጠቅምም።

ስለዚህ ሐሳቤን ባጭሩ አቀርባለሁ። በየቤቱ አልጋ ሥር የተጣለ ቴፕ፣ የማይሠራ የዲቪዲ ማጫወቻ፣ የተሰበረ ስልክና የሞተ ኮምፒዩተር አለ። ወላጆች እነዚህን ለትምህርት ቤታችን ቢሰጡ፣ ትምህርት ቤቱም አንድ ጠረጴዛ፣ ጥቂት ካቻቢቴ፣ አንድ ቴስተርና አንድ የሶልደር መሣሪያ ቢያዘጋጅልን፣ በሳምንት አንድ ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ በፊዚክስ መምህር ተቆጣጣሪነት ልንሠራባቸው እንችላለን። አሮጌ ቴሌቪዥን ከተነቀለም በኋላ ብርቱ ኤሌክትሪክ በውስጡ ሊቆይ ስለሚችል ያለ መምህር እንዳይከፈት ደንብ ይውጣ። የሰው ሥራ ገልብጦ የሚሸጥ ተማሪም ከማኅበሩ ይሰናበት። መጀመሪያ ልንሠራው የሚገባንም የታወቀ ነው፤ በየቤቱ ያሉትን የአያቶቻችንን ድምፅ የያዙ ካሴቶች ከመበላሸታቸው በፊት ወደ ኮምፒዩተር እንገልብጥ።

ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ይባላል። ሥራውን የምንጠይቀው እኛ ተማሪዎች ነን፤ ጠረጴዛውን መስጠት የትምህርት ቤቱ፣ ዕቃውን መስጠት የወላጆች ፈንታ ነው። ካሴቶቹ ግን እስከ መጪው ዓመት መጽሔት ድረስ ቁጭ ብለው አይጠብቁንም።